ስለ ወባ መረጃ ስጡኝ ብሎ ነገር የለም፦ የጤና ዜና ለምትሰሩ ልጆች

ባለፈው አንድ አዲስ የገባ ልጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ "በቃ እዚህ አገር የጤና ዜና አይሰራም" አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውል ነው የከረመው። ምን ብለህ ጠየቅካቸው ስለው "ስለ ወባ መረጃ ስጡኝ ብዬ ነዋ" አለኝ። እኔም ስጀምር እንደሱ ነበርኩ ስለዚ አልሳቅኩበትም፣ ግን ይሄ ማለት መርካቶ ገብቶ "ዕቃ ስጡኝ" እንደማለት ነው። የምን ዕቃ? ስንት? ከየትኛው ሱቅ? የህዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ መረጃውን ሊደብቅ ፈልጎ ላይሆን ይችላል እኮ፣ ምን ከየት እንደሚያመጣልህ አያውቅም፣ ስለማያውቅ ደግሞ በጣም ቀላሉን መልስ ይሰጥሃል፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"።

እንግዲህ እስካሁን እየወደቅኩ እየተነሳሁ የያዝኩትን ልፃፍላችሁ። ነገሩ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው፣ እያንዳንዱ የጤና ቁጥር የተወለደበት ቤትና የሚያሳድገው ሰው አለው፣ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት እሱን እወቁ።

በባለቤትነት እንጀምር። ሆስፒታል ሁሉ የጤና ሚኒስቴር ይመስለናል። አይደለም። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጳውሎስ፣ አለርት፣ አማኑኤል፣ ጴጥሮስ ተጠሪነታቸው ለሚኒስቴሩ ነው። ዘውዲቱ፣ ምኒልክ፣ ራስ ደስታ፣ ጋንዲ፣ የካቲት 12፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ደግሞ የከተማው ጤና ቢሮ ናቸው። ስለ ጋንዲ ጉዳይ ሚኒስቴር ደውላችሁ ሁለት ቀን ብትጠብቁ በመጨረሻ "ቢሮውን ጠይቁ" ነው የምትባሉት፣ ያ ደግሞ ሽሽት አይደለም ትክክለኛ መልስ ነው። የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ከሆነ እነሱ እናንተን የማናገር ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚ እነሱን ትታችሁ ፈቃድ የሰጣቸውንና ኢንስፔክሽን የሚያደርግባቸውን የመንግስት አካል ጠይቁ። መቼ ቁጥጥር ተደረገ፣ ምን ተገኘ፣ ምን እርምጃ ተወሰደ።

ወረርሽኝ ከሆነ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፣ ድሮ ፓስተር ኢንስቲትዩት ስለነበር የአዲስ አበባ ሰው አሁንም "ፓስተር" የሚለው። የመድኃኒት እጥረት ከሆነ ግዢና ስርጭቱ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጋ ነው፣ ጥራቱና ምዝገባው ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ጋ። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ዜና በየሳምንቱ አያለሁ። ኢንሱሊን ጠፋ ብላችሁ ባለስልጣኑን ብትወቅሱ፣ እነሱ ደስ ብሏቸው "እኛ አናስገባም እኛ እንቆጣጠራለን" ይሏችኋል፣ ዜናችሁም እዛው ሞተ።

ከዛ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት የወጣውን ፈልጉ። ይሄን ስል ብዙዎቻችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ ግን ልንገራችሁ። እኤአ በ2024 ወባ ሲያገረሽ ስንቶቻችን ነን ክልል ስንደውል መልስ ያጣነው፣ እዛው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ወረርሽኝ ማሳወቂያ ገፁ ላይ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ብሎ፣ ኦሮሚያ 44 በመቶ፣ አማራ 18 በመቶ እያለ በክልል ከፋፍሎ አስቀምጦታል። ያን ቁጥር ደግሞ ከሰማይ አላወረደውም፣ ከዚሁ ከእኛው ሪፖርት ነው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሰረት አገሮች ዓለም አቀፍ ስጋት ሊሆን የሚችል ነገር ሲገጥማቸው ገምግመው በ24 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚ ወረዳው ዝም ሲላችሁ ወደ ላይ ሂዱ፣ ላይ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ደግሞ ወደ ታች ተመለሱ፣ "ይሄ ቁጥር ወጥቷል፣ የናንተ ድርሻ ስንት ነው?" ስትሉ የሚመልስላችሁ ሰው ይገኛል። ባዶ እጁን የመጣን ማንም አያስተናግድም።

ሌላ የሚረሳ ቦታ የዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ሪፖርት ነው። ደረቅ ነው፣ ያስተኛል፣ ግን ስንት ማሽን ሳይተከል በካርቶን እንዳለ ቆመ፣ ስንት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ጊዜው አለፈ የሚለውን በገፅ በገፅ የምታገኙት እዛ ነው። ሚኒስቴሩም በየዓመቱ ክልል እየዞረ የሚያደርገው ጉባኤ አለ፣ የዓመቱ አፈፃፀም ሪፖርት የሚቀርብበት። እዛ ስትሄዱ መድረክ ላይ ያለውን ንግግር ቀርፃችሁ አትመለሱ። በሻይ ሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ጥግ የተቀመጠውን ልጅ ፈልጉ፣ ስላይዱን የሰራው እሱ ነው። (አበሉ ላይ አስተያየት የለኝም።)

እሺ ፈልጋችሁ አጣችሁ እንበል። አሁን ደብዳቤ። ስልክ ምንም ማስረጃ የለውም፣ ቴሌግራም "ሲን" ተብሎ ይቀራል፣ ደብዳቤ ግን ይከተላችኋል። እኔ የምፅፈው እንዲህ ነው፣ ገልብጣችሁ የራሳችሁን አስገቡበት፦

"ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። ከሐምሌ 2016 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በዞኑ ሥር ባሉ ወረዳዎች በምርመራ የተረጋገጡ የወባ ታማሚዎች ቁጥር በወርና በወረዳ ተለይቶ፣ እንዲሁም በወባ ምክንያት ተኝተው የታከሙና ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ቁጥር፣ በኤክሴል ወይም በመሥሪያ ቤቱ በሚገኝበት ሁኔታ እንዲሰጠን በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እንጠይቃለን። የታማሚ ስም፣ የካርድ ቁጥርም ሆነ ማንነትን የሚገልጽ ሌላ መረጃ አንጠይቅም። ጥያቄው በከፊል ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እናሳስባለን።"

እዩት፣ ጊዜ አለ፣ ቦታ አለ፣ የበሽታው ትርጉም አለ ("የተረጋገጡ")፣ በምን መልክ እንደምትፈልጉት አለ። ከሁሉም የሚሰራው ግን የታማሚ ስም አንጠይቅም የምትለዋ መስመር ናት። ምክንያቱም "የታካሚ ሚስጥር ነው" የምትለዋ ምክንያት ገና ሳትወጣ በሩ ተዘጋባት። የታካሚ ሚስጥር የሰውዬው ነው፣ ወረዳው ውስጥ ስንት ሰው እንደታመመ ግን ሚስጥር አይደለም፣ እነዚህን ሁለቱን አውቀው የሚያጣብቁ አሉ፣ ሳያውቁ የሚያጣብቁም አሉ፣ ሁለቱም ጋ ያቺ መስመር ታግዛችኋለች።

ደብዳቤውን ለህዝብ ግንኙነቱ በእጅ ሰጥታችሁ እንዳትሄዱ። መዝገብ ቤት ግቡ፣ ገቢ ይደረግ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ማህተም ቀሪው ላይ አስመቱ፣ ከዛ ቀሪውን በስልክ ፎቶ አንሱት። በማግስቱ ስትደውሉ "ደብዳቤ አስገብቼ ነበር" አትበሉ፣ "ቁጥሩ እንዲህ የሆነ ደብዳቤ ወደ የትኛው ክፍል ተመራ?" በሉ። ይቺ "ተመራ" የምትል ቃል ተአምር ትሰራለች፣ የቢሮ ሰው መሆናችሁን ታሳውቃለች። ወረዳ ከሆነ ደግሞ የዞን የትብብር ደብዳቤ ማለታቸው አይቀርም፣ ዞን የክልል፣ ስለዚ ከላይ ጀምራችሁ ይዛችሁ ውረዱ እንጂ ከታች ጀምራችሁ አትውጡ፣ ሁለት ሳምንት ነው የሚበላው።

ህጉን በተመለከተ አጭር ላድርገው። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 29 ላይ ፕሬስ የህዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት እድል እንዳለው ይላል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የሚዲያ አዋጅ 1238 ሲወጣ ደብዳቤው ላይ የጠቀስኩት አዋጅ 590 ሙሉ በሙሉ የተሻረ የሚመስላቸው አሉ፣ የመረጃ ማግኘት ክፍሉ ግን አለ። እሱ መሰረት መስሪያ ቤቱ እስከ 30 ቀን ነው ያለው፣ ሊያራዝም ይችላል፣ ከከለከለ ምክንያቱን ይነግራችኋል፣ እናንተ ለመስሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዛ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዛ ፍርድ ቤት። አዎ አውቃለሁ፣ 30 ቀን ለዜና ዘላለም ነው፣ ኤዲተር ነገ ይፈልጋል። ግን እኔ የማደርገው ምን መሰላችሁ፣ የዛሬውን ዜና በስልክ እሮጣለሁ፣ ጎን ለጎን ደብዳቤውን አስገባለሁ፣ ከወር በኋላ የሚመጣው ሌላ ትልቅ ስራ ይሆናል። ባይመጣም "በዚህ ቀን በፅሁፍ ጠይቀን እስካሁን መልስ አላገኘንም" ብሎ መፃፍ "ስልክ አላነሱም" ከማለት በስንት ጣዕሙ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቁጥሩ እጃችሁ ገባ። እዚህ ነው ሰው የሚወድቀው፣ እኔም የወደቅኩት።

የመጀመሪያው ካላንደር። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ወር የሚሉት የእናንተን ወር አይደለም፣ ከ21 እስከ 20 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ማለት ነው። የወረርሽኝ ክትትሉ ደግሞ በሳምንት ነው የሚሄደው፣ ከሰኞ እስከ እሁድ፣ በፈረንጅ ሳምንት ቁጥር። እና አንድ ጊዜ ከአንድ ቢሮ የወር ሪፖርት ይዤ፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ የሳምንቱን አራት ደምሬ፣ "ቁጥሩ አይገጥምም፣ የተደበቀ አለ" የሚል ነገር ፃፍኩላችሁ። ምንም የተደበቀ አልነበረም፣ ሁለት የተለያየ ወር ነው ያነፃፀርኩት። ማስተካከያው ሲወጣ ማን እንዳነበበው እንጃ፣ ቢሮው ግን ከዛ በኋላ ለስድስት ወር ስልኬን አላነሳም፣ እና እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩባቸውም።

ሁለተኛው ከ100 በላይ የሆነ ፐርሰንት። "በወረዳው የኩፍኝ ክትባት ሽፋን 104 በመቶ" የሚል ወረቀት ቢሰጧችሁ አትሳቁ፣ ውሸት ነው ብላችሁም አትሩጡ። የመጨረሻው የህዝብ ቆጠራ 1999 ነው። ከዛ ወዲህ ያለው የህፃናት ቁጥር ከሱ ተነስቶ በስሌት የተገመተ ነው፣ ወረዳው ውስጥ በእውነት ያሉት ህፃናት ከግምቱ ከበለጡ፣ ወይ ከጎረቤት ወረዳ መጥተው የተከተቡ ካሉ፣ ከ100 ያልፋል። ስለዚ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጠይቁ፣ የተከተቡት ስንት ናቸው፣ በስንት ነው የተካፈለው። አካፋዩን ያልጠየቀ ጋዜጠኛ ፐርሰንት አይፃፍ ብዬ ብደነግግ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛው የእናቶች ሞት። በየመግለጫው ስንሰማት የኖርነው 412 ከየት መጣች? ከ2016ቱ የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከ100 ሺ በህይወት ከተወለዱ ህፃናት አንፃር 412 እናቶች። በ2000 ዳሰሳ 871 ነበር፣ በ2005 673፣ በ2011 676። አሁን ይሄን ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው "ከ2005 እስከ 2011 ብሶ ነበር" ብሎ ይፅፋል። አልባሰም። ዳሰሳው እናቶችን በሙሉ አይቆጥርም፣ ቤት ለቤት ሄዶ ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ይጠይቃል፣ እህት ነበረሽ፣ በህይወት አለች፣ ከሞተች በእርግዝና ነው በወሊድ ወይስ ከወሊድ በኋላ። ከዛ ነው የሚሰላው፣ ስለዚ ግምት ነው፣ የ2016ቱ ግምት ደግሞ ከ273 እስከ 551 ባለው መሃል ነው የሚወድቀው። 673 እና 676 ማለት ተመሳሳይ ቁጥር ነው በአጭሩ። ሌላው ደግሞ 412 የ2016 ዓመት ሞት አይደለችም፣ ከዳሰሳው በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት ነው የምትወክለው። ባለስልጣን "ዘንድሮ" ብሎ ሲጠራት ስትሰሙ እጃችሁን አውጡ።

አራተኛው ቃል ነው። ተጠርጣሪና የተረጋገጠ አንድ አይደለም። ጂንካ ላይ በ2018 ህዳር መጀመሪያ የሆነውን አስታውሱ፣ መጀመሪያ የወጣው የቫይረስ ሄመሬጂክ ፊቨር (ደም እስከማፍሰስ የሚያደርስ ትኩሳት) ጥርጣሬ ነበር፣ ማርበርግ መሆኑ የተረጋገጠው ህዳር 5 ላይ ነው፣ ከላብራቶሪ በኋላ። በመሃል ያሉት ቀናት ናቸው ፈተናው፣ በነዛ ቀናት ኢቦላ ነው ብሎ መፃፍ ቀላል ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ቃሉን ሆን ብሎ ማለስለስም አለ። በ2008 እና 2009 ዓ.ም. ኮሌራ የሚለውን ቃል ከባለስልጣን አፍ መስማት ጭንቅ ነበር፣ አተት ነው የሚባለው፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። አተት ምልክቱ ነው፣ ኮሌራ በላብራቶሪ የሚታወቅ በሽታ ነው። አሁን ኢንስቲትዩቱም ሚኒስቴሩም ኮሌራ ይላሉ፣ ግን ታች ስትወርዱ አሁንም አተት የሚላችሁ ታገኛላችሁ። ያኔ ከሰውየው ጋር "ኮሌራ ነው አይደለም" ብላችሁ አትከራከሩ፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፣ ናሙና ተወስዷል? ከስንት ሰው? የት ተላከ? ውጤቱ መቼ መጣ? ምን አለ? እነዚህ አዎ ወይ አይ ወይ ቀን ነው መልሳቸው፣ ማለስለሻ አይቀበሉም።

ሰው ስለማናገር ደግሞ። ሀኪሙ "አልችልም" ሲላችሁ ፈሪ ነው አትበሉ፣ የወንጀል ህጉ አንቀፅ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ያስቀጣል፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321ም አለ። ስለ አንድ ታካሚ አትጠይቁት፣ ስለ በሽታው ጠይቁት፣ እንዴት ነው የሚታከመው፣ መድኃኒቱ ሲጠፋ ምን ይደረጋል፣ አልጋው ስንት ነው። ስለ ታካሚው የሚናገረው ታካሚው ራሱ ነው፣ ወይ ቤተሰቡ። እሱንም ሲታመም አይደለም፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ካሜራ ፊት "እሺ" ቢላችሁ እሺታ አይደለም። ደና ሲሆን ተመልሳችሁ ጠይቁት።

ስም አይጠቀስ ያላችሁ ባለሙያ ካለ ደግሞ ስሙን መተው ብቻ አይበቃም። "ስማቸው እንዲገለፅ ያልፈለጉ በሆስፒታሉ የሚሰሩ የማህፀን ሀኪም" ብላችሁ ከፃፋችሁ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ስንት የማህፀን ሀኪም ያለ መሰላችሁ? አንድ። ካለም። "በዞኑ የሚሰሩ የጤና ባለሙያ" በቃ። ግቢው ውስጥ አታግኟቸው፣ በቢሮ ስልክ አትደውሉ።

ታካሚ ላይም ያው ነው። በ2017 ግንቦት ኤምፖክስ (ድሮ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለው) እዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረጋገጥ መግለጫው የ21 ቀን ህፃን፣ ሞያሌ ብሎ ነው የወጣው። ለአገር የሚበቃ መረጃ ነው፣ ሞያሌ ለሚኖር ሰው ግን እሱ ራሱ ብዙ ነው፣ እዛ ላይ ሰፈር፣ የአባት ስራ፣ የቤቱን በር ፎቶ ብትጨምሩበት አንድ አራስ ቤት ላይ ምን እንደምታመጡ አስቡት። ከመግለጫው ያልወጣ ዝርዝር አገኘሁ ማለት መፃፍ አለበት ማለት አይደለም።

ስልክ ቁጥር ያዙ፦ 952 የሚኒስቴሩ ነው፣ 8335 የኢንስቲትዩቱ፣ 8482 የምግብና መድኃኒት ባለስልጣኑ። ለህዝብ የተከፈቱ ናቸው፣ መግለጫ አይሰጧችሁም፣ ግን አንድ ወሬ ሲናፈስ "ይሄን የሚመለከተው ክፍል የትኛው ነው" ብሎ ለመጀመር ይሆናሉ። ጥናት ስትፈልጉ ደግሞ የጤና ልማት ጆርናልን፣ የህክምና ማህበሩን ጆርናል፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የጤና ሳይንስ ጆርናል ኢንተርኔት ላይ አንብቡ፣ ፀሃፊው ኢሜይሉን ከታች ያስቀምጣል፣ ተመራማሪ ደግሞ ስለ ጥናቱ ሲጠየቅ ደስ የማይለው አላየሁም። ኮቪድ ጊዜ በየቀኑ ስንት ተመረመረ ስንት ተያዘ ስንት ሞተ ተብሎ ተቆጥሮ ሲሰጠን ለምደን ነው መሰለኝ እንዲህ መፈለግ የከበደን።

ልጁ እንዴት ሆነ ላላችሁኝ፣ ሰኞ ደብዳቤውን አስገባ፣ ማህተም አስመታ፣ ማክሰኞ ወደ የትኛው ክፍል ተመራ ብሎ ደወለ፣ ሐሙስ ኤክሴሉ በኢሜይል መጣለት፣ በወር በወረዳ ተለይቶ፣ ልክ እንዳለው። ሲከፍተው ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓስወርዱን ሊጠይቅ ሲደውል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።